የመኪና ጎማ ነፋስና የወቅቶች መለዋወጥ



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ የመኪና ጎማ ነፋስ በበጋና በክረምት፣ በደጋና በቈላ እንዴት እንደሚለዋወጥና ባለመኪናው ምን ማድረግ እንደሚገባው ነው። አባቶቻችን ለሩቅ መንገድ ሲነሡ አስቀድመው የበቅሎዋን ሰኮናና ጀርባ ይመረምሩ ነበር። የዛሬው መንገደኛ ግን መኪናውን አሳጥቦ ቤንዚን ከሞላ በኋላ፣ ቤተ ሰቡን የሚሸከሙትን አራት ጎማዎች ብዙ ጊዜ በእግሩ መታ መታ አድርጎ ያልፋቸዋል። ጎማ በእግር አይመረመርም፤ ነፋሱ በሩብ ቢጎድል እንኳ በዐይን ለመለየት ያስቸግራልና።

የመኪናውን ክብደት በይበልጥ የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ የታመቀው አየር ነው። ይህም አየር ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ ሲቀዘቅዝ ይቀንሳል። በቤት መኪና ጎማ ውስጥ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በተለወጠ ቊጥር ግፊቱ አንድ ፓውንድ ተኩል ያህል ይለወጣል። ፓውንድ ስንል ጎሚስታው በመለኪያው የሚያነበውን፣ በአንድ ካሬ ኢንች ላይ የሚያርፈውን ግፊት ማለታችን ነው።

በአገራችን ደጋ ከወቅት ወቅት ካለው የሙቀት ልዩነት ይልቅ በበጋ ወራት በሌሊትና በቀትር መካከል ያለው ይበልጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ 32 ፓውንድ የነበረ ጎማ፣ ፀሐይ ሲወጣና ሙቀቱ ከ10 ወደ 25 ዲግሪ ሲደርስ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ እንኳ ከ34 ያልፋል። በፍጥነት ከተነዳ ደግሞ ሌላ 4 ወይም 5 ፓውንድ ሊጨምር ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቈላ ወርዶ በቀትር ሲያስለካ 37 ፓውንድ ቢያገኝ፣ «ጎማው ሊፈነዳ ነው» ብሎ እስከ 32 ያስተነፍሰዋል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ግን ያ ጎማ ወደ 27 ፓውንድ ይወርዳል። ነፋሱ የጎደለ ጎማ በተሽከረከረ ቊጥር ጎኑ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱም የጎማውን ድርብርብ ያላቅቀዋል። በመጨረሻም በፍጥነት መንገድ ላይ ይፈነዳል። ስለዚህ ከፍንዳታ ለመዳን ነፋስ የቀነሰ ሰው ፍንዳታውን ራሱ እያዘጋጀ ነው።

ከዚህም በላይ ወደ ቈላ ለመውረድ ተብሎ አስቀድሞ ነፋስ መቀነስ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ሲወረድ ከፍታው በ1,400 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ዝቅ ባለ ስፍራ የውጪው አየር ይከብዳል፤ መለኪያው የሚያሳየውም በውስጥና በውጪ ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በዚህ ምክንያት ንባቡ 2 ፓውንድ ያህል ዝቅ ይላል። የ20 ዲግሪ ሙቀት ጭማሪ ደግሞ 3 ፓውንድ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ አንዱ ሌላውን አቻችሎ የሚተርፈው አንድ ፓውንድ ብቻ ነው።

በክረምት ደግሞ ጠላቱ ውሃ ነው። ነፋሱ የጎደለ ወይም ጥርሱ ያለቀ ጎማ ውሃውን ወደ ጎን መግፋት ስለሚሳነው በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ያን ጊዜ መሪም ፍሬንም አይታዘዝም። በብዙ አገሮች ሕግ የጥርሱ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ጎማው መለወጥ አለበት።

እንግዲህ ባለመኪና ሁሉ የሚከተሉትን ቢጠብቅ ይጠቀማል።

አንደኛ፤ ጎማ የሚለካው ቀዝቅዞ ሳለ ነው፤ ይኸውም ቢያንስ ለ3 ሰዓት ከቆመ በኋላ፣ ይልቁንም በማለዳ ነው። ሞቆ ሳለ ከልኩ በታች ከተገኘ ይሞላ፤ ከልኩ በላይ ቢገኝ ግን አይነካ።

ሁለተኛ፤ ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር ደፍ ላይ ወይም በነዳጅ መሙያው ክዳን ላይ ተለጥፎ ይገኛል። በጎማው ጎን የተጻፈው ቊጥር የመጨረሻው ወሰን እንጂ የመሙያ ልክ አይደለም።

ሦስተኛ፤ ጤነኛ ጎማም በወር አንድ ወይም ሁለት ፓውንድ ያህል ስለሚቀንስ፣ ደመወዝ በተቀበልንበት ሳምንት ሁሉ ስኮርታው ሳይቀር ይለካ። በአዳዲስ መኪኖች ያለው የማስጠንቀቂያ መብራት ብዙውን ጊዜ የሚበራው ግፊቱ በሩብ ያህል ከጎደለ በኋላ ስለሆነ፣ እሱን መጠበቅ መዘግየት ነው።

አራተኛ፤ የጎማው ዳርና ዳር ካለቀ ነፋሱ ጎድሎ፣ መካከሉ ካለቀ በዝቶ መነዳቱን ያመለክታል።

ይህ ሁሉ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስድም። ጎማ በውድ ዋጋ ይገዛል፤ በጎማው ላይ የተቀመጠው ሕይወት ግን በማናቸውም ዋጋ አይገዛም። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» እንደሚባለው፣ ነገ ማለዳ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ጎማውን ማስለካት ብልህነት ነው።