በጣና ሐይቅ ላይ የሚሠሩ ጀልባዎች ያረጁ የናፍጣ ሞተሮች ጥገናና ማሻሻያ፤ ለጀልባ ባለንብረቶች የቀረበ ማብራሪያ

ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው በጣና ሐይቅ ላይ ሰውና ዕቃ የሚያጓጉዝ ጀልባ ላላቸውና የጀልባቸው የናፍጣ ሞተር በማርጀቱ «ላስጠግን ወይስ ልቀይር?» የሚል ጥያቄ ላጋጠማቸው ተገልጋዮች ነው። ባለንብረቱ በቅድሚያ ሊያውቀው የሚገባው ነገር፣ ጥቁር ጭስ የሚያወጣ፣ ጉልበት ያነሰውና የሚግል ሞተር ሁሉ አርጅቷል ማለት እንዳልሆነ ነው። ሐይቁ የሚገኝበት ከፍታ፣ በውኃው ላይ የሚንሳፈፈው አረምና ደለል፣ እንዲሁም ከሞተሩ አቅም ጋር ያልተመጣጠነ ፕሮፔለር ጤነኛውን ሞተር ያረጀ ያስመስሉታል። መንስኤው ሳይታወቅ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት የሚገጠም አዲስ ሞተርም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያንኑ ምልክት ያሳያል።

በመንገድ ላይ ሞተሩ የጠፋበት ተሽከርካሪ ዳር ይዞ ሊቆም ይችላል። በሐይቅ መካከል ሞተሩ የጠፋበት ጀልባ ግን መሪው አይታዘዝለትም፤ ነፋስና ማዕበል ወደሚወስዱት ይሄዳል። በጣና ላይ ነፋሱ የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ በመሆኑ፣ ጠዋት በጸጥታ ወደ ገዳማቱ ወይም ወደ ደቅ ደሴት የሄደ ጀልባ ሲመለስ የሚጠብቀው ሌላ ዓይነት ውኃ ነው። ስለዚህ የሞተር ጥገና ጉዳይ የወጪ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በተፈጥሮ የሚስበውን አየር ብቻ ስለሚጠቀም፣ በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል እንደሚያጣ በግምት ይወሰዳል። በመሆኑም በሰሌዳው ላይ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈ ሞተር በጣና ላይ የሚሰጠው ከ33 ብዙም አይበልጥም። የናፍጣ ፓምፑ ለባሕር ወለል እንደተስተካከለ ከቆየ ደግሞ አየሩ ቀንሶ ናፍጣው ባለበት ይቀጥላል፤ ትርፉ ናፍጣ ሳይቃጠል በጥቁር ጭስ መልክ ይወጣል። መፍትሔው ፓምፑን በተገቢው መሣሪያ በሚሠራ ባለሙያ ለከፍታው ማስተካከል ነው። ጉልበት ለመጨመር ሲባል ፓምፑን «ከፍ ማድረግ» በዚህ ከፍታ ጭሱንና ሙቀቱን እንጂ ጉልበቱን አይጨምርም።

ከፍታው ሌላ ስውር ጉዳትም ያስከትላል። ሞተር ከመውረዱ በፊት የሲሊንደሮቹ የመጭመቅ አቅም መለካቱ ተገቢ አሠራር ነው። ይሁን እንጂ በአምራቹ መጽሐፍ ላይ የሚገኘው ቁጥር በአብዛኛው ለባሕር ወለል የተሰላ ነው። መጽሐፉ 30 ባር ቢል፣ በጣና ዳርቻ የሚለካ ፍጹም ጤነኛ ሞተር 24 ባር ገደማ ሊያሳይ ይችላል። ይህን ያላገናዘበ ባለሙያ «ፋሻው አልቋል» ብሎ ደህናውን ሞተር ሊያወርደው ይችላል። ከአጠቃላዩ መጠን ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት የበለጠ ይናገራል። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ከ10 በመቶ በላይ ከወረደ የቫልቭ፣ የፋሻ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ችግር አለ ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

የጭሱ ቀለም ለምርመራው መነሻ ይሆናል። ጥቁር ጭስ የአየር ማነስን፣ የናፍጣ መብዛትን ወይም ከአቅም በላይ መጫንን ያመለክታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ወደ ሲሊንደር የሚገባ ውኃ መኖሩን ይጠቁማል። ሰማያዊ ጭስ ግን የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው፤ ከሦስቱ ይበልጥ ወደ እውነተኛው እርጅና የሚያመለክተው ይኸኛው ነው።

ማንኛውም ባለንብረት ያለ ብዙ ወጪ ሊያካሂደው የሚችል አንድ ሙከራ አለ። ጀልባውን እንደወትሮው ጭነው፣ ውኃው ጸጥ ባለበት ሰዓት ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱና ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚደርስ በዙር መለኪያ ይመልከቱ። በአምራቹ የተጻፈው ከፍተኛ ዙር 3,000 ሆኖ ሞተሩ ጥቁር ጭስ እያወጣ 2,500 ላይ ከቆመ፣ ፕሮፔለሩ ለሞተሩ ከብዶታል ማለት ነው። ለባሕር ወለል ጉልበት የተመረጠ ፕሮፔለር በጣና ላይ ሲከብድ መታየቱ የሚጠበቅ ነው። በዚህ ሁኔታ ዲያሜትሩን ወይም ፒች የሚባለውን፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደፊት ሊገፋ የሚችልበትን ርቀት፣ ማስቀነስ ሞተር ከመቀየር እጅግ የረከሰ መፍትሔ ነው። እርግጥ ከዚህ በፊት የጀልባው የታችኛው አካል መጽዳቱን፣ የአየር ማጣሪያው አለመደፈኑንና ወደ ሞተር ክፍሉ በቂ አየር መግባቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ስለ ማቀዝቀዣው ሰፋ አድርጎ መናገር የግድ ይላል። በውቅያኖስ ላይ የሚሠሩ ጀልባዎችን ሞተር የሚበላው የጨው ውኃ በጣና የለም፤ ይህ ለባለንብረቶቻችን ትልቅ ዕድል ነው። በምትኩ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በተለይ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የተስፋፋው እምቦጭ፣ እንዲሁም መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራና ግልገል ዓባይ የሚያመጡት ደለል አለ። የእምቦጭ ሥር የውኃ መሳቢያውን ቀዳዳ ሲደፍን በፓምፑ ውስጥ የሚዞረው የጎማ ክንፍ ያለ ውኃ ይዞራል፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥም ይቆራረጣል። ክንፉ ሲቀየር የተቆራረጡት ቁርጥራጮች በሙሉ ተፈልገው መውጣት አለባቸው። አንዱ ቁራጭ በቱቦው ውስጥ ከቀረ አዲሱ ክንፍም ሞተሩን ሊያቀዘቅዝ አይችልም። ከፓምፑ በፊት በቀላሉ ተከፍቶ የሚጸዳ የማጣሪያ ወንፊት ማስገጠም፣ ወንፊቱን በየጉዞው መጀመሪያ ማየት፣ መለዋወጫ የጎማ ክንፍም በጀልባው ላይ መያዝ አነስተኛ ወጪ ያለው ማሻሻያ ነው፤ በእኛ ግምት ከማንኛውም ሌላ ማሻሻያ በፊት ሊሠራ የሚገባው ይህ ነው።

በ1,800 ሜትር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መሆኑም አይዘንጋ። ሞተሩ በዝግ ዑደት የሚዞር የራሱ ማቀዝቀዣ ውኃ ካለው፣ ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው በክዳኑ የሚያዘው ግፊት ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን በባሕር ዳርቻ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ በጣና ላይ ግን ሞተሩን ያፈላዋል። ቴስታታው ከመውረዱ በፊት ክዳኑና ቴርሞስታቱ ይቀየሩ።

ናፍጣን በተመለከተ ዋናው ጠላት ውኃ ነው። ጎዶሎ ሆኖ ባደረ ታንከር ውስጥ እርጥበት ወደ ውኃ ጠብታ ይለወጣል፤ በውኃውና በናፍጣው መገናኛ ላይም ፊልትሮ የሚደፍኑ ደቂቅ ሕዋሳት ይራባሉ። ሞተሩ ጸጥ ባለ ውኃ ላይ ሲሠራ ውሎ ማዕበል ሲነሣ የሚጠፋ ከሆነ፣ የታንከሩ ዝቃጭ ተነቃንቆ ፊልትሮውን እየደፈነው ሊሆን ይችላል። ታንከሩን አስጸድተው ውኃ የሚለይ ፊልትሮ ያስገጥሙ፤ ሲያድርም ሞልተው ያሳድሩት።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ሞተሩ መውረድ እንዳለበት ከተረጋገጠ፣ ፋሻ፣ ኩሽኔታና ጓርኒሲዮን ከመቀየር በተጨማሪ ሞተሩ የሚያርፍባቸው የጎማ መቀመጫዎች አብረው ይታዩ። ሞተሩ ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ የካምቢዮውና የፕሮፔለሩ ዘንግ ቀጥታ መሆኑ የሚለካው ጀልባው በውኃ ላይ ሳለ ነው፤ በየብስ ላይ የተቀመጠ ጀልባ ቅርጹ በመጠኑ ስለሚለወጥ በዚያ የተወሰደው ልኬት አያስተማምንም። ዲያሜትሩ 100 ሚሊ ሜትር በሆነ መገጣጠሚያ ላይ የሚፈቀደው የክፍተት ልዩነት ከ0.1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም።

ሞተሩን ለመቀየር የወሰኑ ባለንብረቶች «ትልቅ ሞተር ፈጣን ጀልባ ያደርጋል» ከሚለው ግምት ይጠንቀቁ። ውኃውን እየሰነጠቀ የሚሄድ ከባድ ጀልባ ፍጥነቱ በርዝመቱ የተገደበ ነው። በውኃው መስመር ላይ 9 ሜትር የሚረዝም ጀልባ በሰዓት 13.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ከደረሰ በኋላ የሚጨመርለት ጉልበት በአብዛኛው ማዕበል ከመፍጠርና ናፍጣ ከመጨረስ አያልፍም። ከባዱ ሞተር የጀልባውን ሚዛንም ይለውጣል። በፋብሪካ ቱርቦ የተሠራለት ሞተር ከፍታውን በተሻለ ይቋቋማል፤ ለአሮጌ ሞተር ቱርቦ መቀጠል ግን ፒስተኑም ማቀዝቀዣውም ለዚያ ስላልተሠሩ አይመከርም። በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዙ አዳዲስ ሞተሮች ናፍጣውን ከአየሩ ጋር ራሳቸው ያመጣጥናሉ፤ ነገር ግን ንጹሕ ናፍጣና የመመርመሪያ መሣሪያ ይፈልጋሉ። ይህ በአቅራቢያዎ ከሌለ በሜካኒካል ፓምፕ የሚሠራው ይሻልዎታል። የተሽከርካሪ ሞተር መግጠም የሚያስቡ ደግሞ ያ ሞተር በነፋስ እንዲቀዘቅዝና አልፎ አልፎ ብቻ ሙሉ ጉልበቱን እንዲሰጥ የተሠራ መሆኑን፣ በጀልባ ላይ ግን ለሰዓታት ያለ እረፍት እንደሚጫን ያገናዝቡ። የጭስ ማውጫውም ሙቀት በማያስተላልፍ ነገር ካልተሸፈነ ለእሳት አደጋ ያጋልጣል።

ሞተር ሲቀየር በጀልባው የምዝገባ ሰነድ ላይ የሰፈረው የሞተር ቁጥርና ጉልበት ከጀልባው ጋር አይገናኝም። ስለሆነም ባለንብረቱ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ጀልባውን የመዘገበውን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ቢያማክር በኋላ ከሚደርስ መጉላላት ይድናል። ሲቀርቡም የምዝገባ ሰነዱን፣ የአዲሱን ሞተር የግዢ ማስረጃ፣ የሞተሩን ቁጥር፣ ጉልበትና ክብደት የሚገልጽ የአምራች ሰነድ፣ እንዲሁም ሥራውን የሠራው ጋራዥ የሰጠውን ዝርዝር ይዘው ይቅረቡ። የተጠገነም ሆነ የተቀየረ ሞተር መንገደኛ ከመጫኑ በፊት በአሸዋ ከረጢት ወይም በሌላ ክብደት ተጭኖ፣ ከዳርቻ ሳይርቅ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ይፈተን፤ በየሩብ ሰዓቱም የሙቀቱና የዘይት ግፊቱ መጠን ይመዝገብ።

ከሞተሩ የወጣው አሮጌ ዘይትና በሞተሩ ሥር የተጠራቀመው ዘይት የነካው ውኃ በጀሪካን ተይዞ ወደ የብስ ይመለስ። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ ከዚያም በላይ በዳርቻውና በደሴቶቹ የሚኖረው ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ ነው።