ቢላው ይቅደም ወይስ መድኃኒቱ?

እ.ኤ.አ. እስከ 1995 ድረስ በስኮትላንዷ ግላስጎው የጡት ካንሰር የተገኘባት ሴት ሕክምና በአብዛኛው የሚወሰነው መጀመሪያ በተላከችበት ቀዶ ሐኪም ነበር። በዚያ ዓመት የከተማዋ ሆስፒታሎች አሠራራቸውን ለወጡ። በጡት ሕክምና የተካኑ ቀዶ ሐኪሞች፣ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያየው ፓቶሎጂስት፣ ምስሉን የሚያነበው ራዲዮሎጂስት፣ ኬሞና ጨረር የሚያዙት ኦንኮሎጂስቶችና ነርሶች በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ስለ ታካሚዎቻቸው አብረው ይመክሩ ጀመር።

ተመራማሪዎች በኋላ ከ1990 እስከ 2000 በምዕራብ ስኮትላንድ በሽታው የተገኘባቸውን የ13,722 ሴቶች መዝገብ አገላበጡ። ከለውጡ በፊት በጡት ካንሰር የሚሞቱት በግላስጎው ከአጎራባቾቹ አካባቢዎች በ11 በመቶ ይበልጡ ነበር፤ ከለውጡ በኋላ በ18 በመቶ አነሱ። ጥናቱ መዝገብ ወደኋላ ያየ እንጂ በዕጣ የተመደቡ ታካሚዎችን ያነጻጸረ አይደለም፤ ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ የስብሰባው ነው ማለት አያስደፍርም። ይሁንና ጎረቤቶቹም የታከሙት በዚያው ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥር ነበር።

ሐኪሞች ተሰብስበው ማውራታቸው ምን ይፈይዳል? መልሱ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ከፊንጢጣ በላይ ባለው የአንጀት ክፍል የሚወጣውን ካንሰር እንይ። አንጀቱንና በዙሪያው ያለውን ስብ አንድ ስስ ሽፋን ጠቅልሎታል፤ ቀዶ ሐኪሙም ይዞ የሚወጣው ይህን ጥቅል እንዳለ ነው። በስብሰባው ራዲዮሎጂስቱ ኤምአርአዩን ስክሪን ላይ ከፍቶ እጢው ከሽፋኑ ምን ያህል እንደሚርቅ ይለካል። ርቀቱ ከአንድ ሚሊሜትር ካልበለጠ፣ በቀጥታ ቢቆረጥ የካንሰር ሕዋስ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ያኔ ጨረርና ኬሞ ይቀድማሉ፤ እጢው ከሟሸሸ በኋላ ቢላው ይከተላል። በ2006 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቡድኑ ሳይመክርበት በቀጥታ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 62 ታካሚዎች በ16ቱ የተቆረጠው ሥጋ ጠርዝ ላይ ካንሰር ተገኝቷል። ተመክሮበት በቀጥታ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 116 ሰዎች ይህ የታየው በአንዱ ብቻ ነው።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ፣ የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በኢትዮጵያ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር፤ ጅማን የመሰሉ ከተሞች የተጨመሩት በቅርብ ነው። በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው ባለበት አካባቢ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ኬሞውንና ጨረሩን ፍለጋ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ሐኪሞቹ በአንድ ክፍል ካልተገናኙ የማገናኘቱ ሥራ የሚወድቀው በአስታማሚው ጫንቃ ላይ ነው። ውጤት የሚቀበለው፣ ቀጠሮ የሚያስይዘው፣ አንዳንዴም ናሙናውን በብልቃጥ ይዞ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው እሱ ነው።

ብልቃጧ ቀላል ነገር አይደለችም። ከጡት የተወሰደ ሥጋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ እንዲገባ ይመከራል፤ ከዘገየ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራው ሊሳሳት ይችላል። በዚያ ምርመራ ላይ ደግሞ ብዙ ነገር ተንጠልጥሏል፤ ታሞክሲፌን የተባለውን፣ ለዓመታት በየቀኑ የሚዋጠውን ርካሽ ክኒን ማን መውሰድ እንዳለበት የሚለየው እሱ ነው። ቀዶ ሐኪሙና ፓቶሎጂስቱ አስቀድመው ከተነጋገሩ ግን ፎርማሊኑ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

በአገራችን ሐኪሞች ቱመር ቦርድ የሚሉት ይህ ስብሰባ የራሱ ጉድለት አለው። በ2017 በብሪታንያ የወጣ ሪፖርት በተመለከታቸው ስብሰባዎች ለአንድ ታካሚ የሚሰጠው ጊዜ በአማካይ 3.2 ደቂቃ ነበር፤ ከግማሽ የሚበልጡት ውይይቶች ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞሉም። ይህን መምከር ሳይሆን ስም መጥራት ቢሉት አይበዛበትም። ታካሚው ብቻውን እንደሚኖር ወይም ለትራንስፖርት እንደተቸገረ የምታውቀው ነርስ ካልተናገረች፣ የተወሰነው ሕክምና ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ቡድን ሲባልም ፈዋሾቹ ብቻ አይደሉም። በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የተሠራና በ2010 የታተመ ጥናት፣ የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸውን 151 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ከመደበኛው ሕክምና ጎን ለጎን የማስታገሻ ሕክምና ባለሙያዎችን ከመጀመሪያው ጀምሮ አገኙ። የእነዚህ ኑሮ ተሻለ፤ ድባቴያቸው ቀነሰ፤ በሕይወት መጨረሻም ከባድ ሕክምና የወሰዱት ጥቂት ሆነው ሳለ በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ (ሚዲያን) ጊዜ 11.6 ወር ደረሰ፤ የሌሎቹ 8.9 ወር ነበር።

ሪፈር የተጻፈለት ሰው ከወረቀቱ ሌላ የሚጠይቀው ነገር አለ። ከምርመራ የተረፈው ሥጋ በሰም ተቀብሮ ላቦራቶሪው ዘንድ ይቀመጣል። ይህን የሰም ብሎክና ስላይዶቹን፣ የሲቲ ስካኑን ሲዲ ጨምሮ፣ ይዞ መሄድ ይቻል እንደሆነ ቢጠይቅ ይበጀዋል፤ ተቀባዩ ቡድን የጎደለውን ምርመራ ከዚያው ብሎክ ላይ ሊያሠራ ስለሚችል ታካሚው ለናሙና ዳግም ላይወጋ ይችላል።