የከበሮ መቺ አንጓና ጣቶች

«ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ሰምታችኋል። ተረቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የሌላውን ሰው ሥራ አቅልሎ ለሚገምት ነው። ለዛሬው ግን ቃል በቃል እንውሰደውና፣ ከበሮ ሲይዙት የሚያደናግረው ለምን እንደ ሆነ እንመርምር። በበዓል ቀን የማርሽ ባንድ በአደባባይ ሲያልፍ ቆሞ የሚመለከት ልጅ የሚያየው፣ በከበሮ መቺው እጅ ላይ ሁለት ዘንጎች ያለ ድካም ሲርገበገቡ ነው። ዘንጎቹን ተቀብሎ ሲሞክር ግን ክንዱ ይደርቃል፤ ምቱ ይዛባል፤ ጥቂት ላፍጥን ሲል ደግሞ እጁ ጭራሹን ይቆማል። ልጁ ጉልበት ያነሰው ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ ያስቸገረው የጉልበቱ መብዛት ነው።

በአገራችን ከበሮ ሲባል በቅድሚያ ትዝ የሚለን በመዳፍ የሚመታው ነው። በዚህ ምንባብ የምንነጋገረው ግን በሁለት ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች ስለሚመታው፣ ከነሐስ መሣሪያዎች ጋር ስለሚሰለፈውና በዘመናዊ ኦርኬስትራ ውስጥ ድራም ስለሚባለው ከበሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ መጥተው በነሐስ ሙዚቃ ጓድነት ያገለገሉት አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ወጣቶች፣ ከእነርሱም በኋላ የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ባንዶች እንዲህ ያለውን ሙዚቃ ለከተማው ሕዝብ ጆሮ አለማምደውታል። ዘንጉን ሙዚቀኞች ስቲክ ይሉታል፤ እኛ መምቻ እንለዋለን። ርዝመቱ 40 ሳንቲሜትር ገደማ ሲሆን፣ አንደኛው ጫፉ ወፍራም፣ ቆዳውን የሚነካው ሌላው ጫፉ ግን ቀጭን ነው።

ጀማሪውን በመጀመሪያ የሚያሳስተው ቋንቋችን ራሱ ሳይሆን አይቀርም። «ከበሮ መታ» እንላለን። «መታ» የሚለው ግስ ኃይል ከመቺው ወጥቶ በተመቺው ላይ ሲያርፍ ያሳየናል፤ ተመልሶ የሚመጣ ነገር አይታሰብበትም። ቡና የሚወቅጥ ሰው ዘነዘናውን ከሙቀጫው ውስጥ መልሶ የሚያነሣው በገዛ ጉልበቱ ነው። ከበሮ ግን ሙቀጫ አይደለም። ለከበሮ የሚቀርበው ግስ «ነጠረ» የሚለው ነው፤ ይኸውም ኳስ ነጠረ እንደምንለው ነው። (ቅቤ ነጠረ ስንል ፍቺው ሌላ ነው።) የተወጠረ ቆዳ ላይ ያረፈ ዘንግ ማንም ሳያነሣው ወደ ላይ ይነጥራል።

ይህን ለማረጋገጥ አንድ ቀላል ሙከራ አድርጉ። መምቻውን በአውራ ጣታችሁና በሌባ ጣታችሁ መካከል ላላ አድርጋችሁ ያዙና ቀጭኑን ጫፍ በከበሮው ላይ ልቀቁት። ዘንጉ አንድ ጊዜ ብቻ አይመታም፤ ከፍታው እየቀነሰ ብዙ ጊዜ ይነጥራል። የእናንተ ድርሻ መጀመሪያ መልቀቅ ብቻ ነበር፤ የቀረውን ቆዳው ሠርቶታል። አሁን ደግሞ መምቻውን በሙሉ ጭብጥ አጥብቃችሁ ያዙና ምቱ። አንድ ደረቅ ድምፅ ይሰማል፤ ዘንጉም ቆዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ሁለተኛ ለመምታት ራሳችሁ ልታነሡት ነው። እንግዲህ አጥብቆ የሚይዝ ሰው ለእያንዳንዱ ምት ሁለት ሥራ ይሠራል፤ መጣልና ማንሣት። አላልቶ የሚይዝ ሰው ግን መጣሉን ብቻ ይሠራል፤ ማንሣቱን ከበሮው ያግዘዋል።

የቅርጫት ኳስ የምትጫወቱ ተማሪዎች ይህን ሳታውቁት ታውቁታላችሁ። ኳስ እያነጠረ የሚሮጥ ተጫዋች ኳሱን ከመሬት ጎንበስ ብሎ አያነሣም። ኳሱ ራሱ ወደ መዳፉ ይመጣል፤ ተጫዋቹም ልክ በደረሰበት ቅጽበት በጣቶቹ ገፋ ያደርገዋል። ቀደም ብሎ ቢመታው ወይም ቢዘገይ ኳሱ ይሞትበታል። የከበሮ መቺ ጣቶች ሥራም ከዚህ አይለይም።

ማጥበቅ ፍጥነትን የሚገድልበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም በሰውነታችን አሠራር ውስጥ ይገኛል። ግራ እጃችሁን በቀኝ ክንዳችሁ ላይ፣ ከክርናችሁ ዝቅ ብላችሁ አሳርፉና የቀኝ እጃችሁን ጣቶች አንቀሳቅሱ። ከቆዳችሁ ሥር የሚንቀሳቀስ ነገር ይሰማችኋል። ጣቶችን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ዋና ዋና ጡንቻዎች ያሉት ጣቶች ውስጥ ሳይሆን እዚያ፣ ክንድ ውስጥ ነው። ከጡንቻዎቹ የሚነሡት ጅማቶች በአንጓ በኩል አልፈው እስከ ጣቶች ይዘልቃሉ። በአንጓ ውስጥ በመዳፍ በኩል ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ 9 ጅማቶችና አንድ ትልቅ ነርቭ ተጠጋግተው ያልፉበታል። ጭብጣችሁን ስታጠብቁ የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ጡንቻዎች ባንድ ጊዜ ይወጠሩና እርስ በርስ ይጎታተታሉ። ካልመሰላችሁ ጡጫችሁን በኃይል ጨብጡና አንጓችሁን ለስንብት እንደምታወዛውዙ ለማወዛወዝ ሞክሩ፤ ቀጥሎም ጡጫችሁን ፈታ አድርጉና ድገሙት። ልዩነቱን ለማስረዳት ተጨማሪ ቃል አያስፈልግም።

የዚህ ምንባብ ጸሐፊ ወጣት መምህር ሳለ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች በዓል ሲቃረብ የተማሪዎችን የማርሽ ጓድ እንዲያዘጋጅ ታዝዞ ነበር። ስለ ከበሮ ያለው ዕውቀት ከተመልካች ዕውቀት የሚበልጥ አልነበረም። ከበሮ መቺው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከሌሎቹ ወደ ኋላ በቀረ ቁጥር «ጠበቅ አድርገህ ያዝ! በርታ!» እያለ ይጮኽበት ነበር። ልጁም ታዛዥ ነበርና ጠበቅ አደረገ፤ በረታም። በሦስተኛው ሳምንት የቀኝ እጁ አንጓ አበጠ። በዓሉ ካለፈ በኋላ ለፈተና ሲቀመጥ ብዕር መያዝ ተሳነው፤ መልሱን በቃሉ እየተናገረ ሌላ ሰው ጻፈለት። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም። የተሳሳተው ትእዛዙ ነበር። ከበሮ የሚመታው እጅ የሚጽፈውም እጅ መሆኑን መምህሩ የተረዳው ያን ዕለት ነው።

ታዲያ መምቻ እንዴት ይያዛል? ከወፍራሙ ጫፍ ሲሶ ያህል፣ ማለትም 13 ሳንቲሜትር ገደማ ገባ ብላችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያዙት። ይህ ነጥብ ዘንጉ የሚዞርበት ማዕከል ነው፤ የሚዛን ዘንግ ከተሰቀለበት ቦታ ጋር ይመሳሰላል። የቀሩት ሦስት ጣቶች ዘንጉን ይነኩታል እንጂ አይጨብጡትም። ጫጩት በእጁ የያዘ ሰው እንዳታመልጠው፣ እንዳትታፈንበትም ይጠነቀቃል፤ የእናንተም አያያዝ እንዲሁ ይሁን።

ሥራው ከአንጓ ይጀምራል። የእጃችሁን ጀርባ ወደ ላይ አድርጉ፤ ክንዳችሁ ጸጥ ይበል፤ አንጓችሁን ብቻ አንሥታችሁ መምቻውን ወደ ቆዳው ወርውሩት። ከነጠረ በኋላ ወደ ተነሣበት ከፍታ እንዲመለስ ፍቀዱለት። ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቶ እንደ ሆነ አንደኛው ጣታችሁ አፍኖታል ማለት ነው፤ የትኛው እንደ ሆነ ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው አውራ ጣት ነው።

በገጠር ያደጋችሁ ልጆች ለቡሄ ጅራፍ ስታጮኹ ያደረጋችሁትን አስታውሱ። ጅራፍ በጉልበት አይጮኽም፤ ጠንካራ ጎረምሳ ሲያቅተው ቀጭን ልጅ ሲያጮኸው አይታችኋል። እጀታው ላይ የተጀመረው እንቅስቃሴ ወደ ቀጭኑ ጫፍ በተጓዘ መጠን እየፈጠነ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ከድምፅ የበለጠ ፍጥነት ሲያገኝ ይጮኻል። ሳንፎርድ ሞለር የተባለ አሜሪካዊ የከበሮ መምህር እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረው የእጅ አጣጣል ከጅራፍ ጋር አንድ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 ባበቃው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከሠራዊቱ ጋር ከበሮ እየመቱ የተጓዙ ሽማግሌዎችን አነጋግሮ፣ እጃቸውንም አስተውሎ ነው ትምህርቱን ያገኘው። ለረጅም ጉዞ ከበሮ የሚመታ ወታደር እያንዳንዱን ምት በጉልበት ቢሠራ ኖሮ መንገዱን ባልጨረሰም ነበር። በዚህ ዘዴ ክንድ ይጀምራል፤ አንጓ ይከተላል፤ ጣቶች በመጨረሻ ይደርሳሉ። ከአንድ የክንድ እንቅስቃሴ አንድ ጎላ ያለ ምትና፣ እርሱን ተከትለው በንጥረት የሚመጡ ሁለት ለስላሳ ምቶች ይገኛሉ።

ፍጥነት ሲጨምር ግን አንጓ ብቻውን አይበቃም። ምክንያቱን በሒሳብ እንየው። የሙዚቃው ልክ በደቂቃ 120 ቆጠራ ቢሆንና በእያንዳንዱ ቆጠራ 4 ምት ቢመታ፣ በደቂቃ 480 ምት፣ በሴኮንድ ደግሞ 8 ምት ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ እጅ 4 ይደርሰዋል። ልኩ ወደ 180 ቆጠራ ከፍ ቢል የአንዱ እጅ ድርሻ በሴኮንድ 6 ምት ነው። መምቻውን ለእያንዳንዱ ምት 30 ሳንቲሜትር የሚያነሣ ሰው የመምቻው ጫፍ ወጥቶ ሲወርድ 60 ሳንቲሜትር ስለሚሄድ በአንድ ሴኮንድ 3 ሜትር ከ60 ያስኬደዋል። 8 ሳንቲሜትር ብቻ የሚያነሣው ግን አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለሆነም ፍጥነት በጨመረ ቁጥር እንቅስቃሴው ማነስ አለበት፤ ሥራውም ከከባዱ የሰውነት ክፍል ወደ ቀላሉ፣ ከክንድ ወደ አንጓ፣ ከአንጓ ወደ ጣት ይተላለፋል። ቀላል ነገር አቅጣጫውን ለመለወጥ ጊዜ አይወስድበትም።

ለጣቶች ልምምድ እጃችሁን ወደ ጎን አዙሩና አውራ ጣታችሁ ወደ ላይ ይመልከት። ቲምፓኒ የሚባሉትን ትልልቅ የኦርኬስትራ ከበሮዎች የሚመቱ ብዙ ሙዚቀኞች እንዲህ ነው የሚይዙት፤ በዚህ አያያዝ ጣቶች እንደ ልብ ይንቀሳቀሳሉ። አንጓችሁን ጸጥ አድርጉ። በመሀል ጣታችሁ የዘንጉን ወፍራም ክፍል ወደ መዳፋችሁ ሳብ አድርጉትና ወዲያውኑ ልቀቁት፤ ሌላኛው ጫፍ ወርዶ ይመታል፤ ነጥሮም ይመለሳል። ሲመለስ ደግማችሁ ሳቡት። ይኸው ነው የቅርጫት ኳሱ ጨዋታ። መሀል ጣት ከለመደ በኋላ የቀለበት ጣትን፣ ከዚያም ትንሿን ጣት ጨምሩ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት አሰልቺ ናቸው፤ ትንሿ ጣት በተለይ እልከኛ ናት።

አንጓና ጣት አብረው የሚሠሩበት ጥሩ ምሳሌ ድርብ ምት ነው፤ በአንድ እጅ ሁለት ጊዜ መምታት ማለት ነው። የመጀመሪያውን አንጓ ይጥለዋል፤ ሁለተኛውን፣ ዘንጉ ነጥሮ ሲመጣ ጣቶች ይቀበሉታል። ጀማሪዎች ሁለተኛው ምት ይደክምባቸዋል፤ መፍትሔው አንጓን ማጠንከር ሳይሆን ጣቶችን በጊዜ መዝጋት ነው።

በዚህ ጥበብ ከታወቁት መካከል አሜሪካዊው ጆ ሞሬሎ አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 ተወልዶ በ2011 ያረፈው ሞሬሎ ከልጅነቱ ጀምሮ ዐይኑ ደካማ ነበር፤ ከበሮ ከመጀመሩ በፊትም ቫዮሊን ይጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 በዴቭ ብሩቤክ አራት ሰዎች ያሉት ጓድ ውስጥ፣ በአምስት በአምስት የሚቆጠረውን «ቴክ ፋይቭ» የተባለ ሙዚቃ በከበሮ አጅቧል። መምህሩ ጆርጅ ሎውረንስ ስቶን እ.ኤ.አ. በ1935 ያሳተመው የልምምድ መጽሐፍ ዛሬም ከበሮ ተማሪዎች እጅ ላይ አለ። ስቶን እያንዳንዱ ልምምድ ሳይቋረጥ 20 ጊዜ እንዲደገም ያዝዛል። ትእዛዙ ጥብቅ ነው፤ ለስለስ ባለ እጅ ካልተፈጸመ ግን ከላይ እንደ ተጠቀሰው ተማሪ ያደርጋል።

ከበሮ የሌላችሁ ተማሪዎች ይህ እንዳያሳስባችሁ። የተጣለ የመኪና ከመነዳሪ ቆርጣችሁ በጣውላ ላይ ወጥራችሁ ብትቸነክሩት መምቻ በደንብ ያነጥራል፤ ጎረቤትም አይረብሽም። ትራስ ላይ መለማመድ ግን ለጊዜው ይቆይ፤ ትራስ አያነጥርም። ፍጥነት የሚለካበት ሜትሮኖም ባይኖር በሴኮንድ አንድ ጊዜ የሚመታ የግድግዳ ሰዓት ይበቃል። በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ የሰዓት ምት አንድ አንድ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት፣ ከዚያም አራት አራት ምቱ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ የሚለው ቅደም ተከተል ሁለቱንም እጆች በእኩልነት ስለሚያሠራ ለጀማሪ ይጠቅማል። ደካማው እጅ ሁልጊዜ እንዲጀምር ማድረግም ብልህነት ነው።

በቀን 10 ወይም 15 ደቂቃ ይበቃል። ክንዳችሁ መሞቅ ቢጀምር ድካም ነው፤ ፍጥነቱን ቀንሱ። አንጓችሁ ቢያማችሁ፣ ወይም አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሀል ጣት ቢደነዝዙ ግን ያ ድካም አይደለም። መምቻውን አስቀምጡ፤ ከቀጠለም ለሐኪም አሳዩ። «ሕመሙን ችሎ የሚያልፍ ነው የሚበረታው» የሚል ምክር ከማንም ቢመጣ፣ ከመምህርም ቢሆን፣ አትቀበሉት።

ወደሚቀጥለው ፍጥነት መቼ መሸጋገር እንዳለባችሁ ለማወቅ የጓደኛችሁን ጆሮ ተዋሱ። ጓደኛችሁ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥ፤ እናንተ ቀኝና ግራ እያፈራረቃችሁ ለአንድ ደቂቃ ምቱ። የቱ የቀኝ፣ የቱ የግራ ምት እንደ ሆነ ለይቶ መናገር ከቻለ ምታችሁ ገና እኩል አይደለምና በዚያው ፍጥነት ቆዩ። መለየት ካቃተው በደቂቃ 4 ቆጠራ ጨምሩና እንደገና ጀርባውን ያዙር።