በአንድ ቃል መደሰት

ቋንቋን ለፈተና ብቻ የሚያጠና ተማሪ ዋጋ የማይከፈልበት ደስታ ያመልጠዋል። «ሳለ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። «ለ» ላልቶ ሲነበብ፣ ሠዓሊው ሥዕል ሳለ፤ ሥጋ ሻጩ ካራውን ሳለ፤ ጉንፋን የያዘውም ሳለ። ጠብቆ ሲነበብ ግን፣ «ልጅ ሳለ» እንደምንለው፣ ጊዜን ያመለክታል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ፍርዱ የአንባቢው ነው። ሰሙንና ወርቁን አጣምሮ የሚይዘውን ቃል የቅኔ ሊቃውንት ኅብረ ቃል ይሉታል። ባለቅኔ መሆንን ባትመኙም (ምኞቱ ግን መልካም ነው)፣ እንዲህ ያሉትን ቃላት ከቤትና ከገበያ የምትለቅሙበት ደብተር ይኑራችሁ። ለመነሻ ያህል «መምህሩ ሳሉ ተማሪው ዝም አለ» ብላችሁ ጻፉና ለጓደኛችሁ አሳዩት። ተማሪው ዝም ያለው መምህሩ ሥዕል ሠርተው ነው፣ ጉንፋን ይዟቸው ነው፣ ወይስ በክፍሉ ስለ ነበሩ ብቻ?