መስማት የማይችል ልጅ ከሚሰሙ ወላጆች ጋር

ልጅ ሁሉ ወላጁን አይመስልም። መስማት ከማይችሉ 10 ልጆች 9 ያህሉ የሚወለዱት ከሚሰሙ አባትና እናት ነው። አንዳንዱ ሲወለድ ጀምሮ አይሰማም። ሌላው በማጅራት ገትር ወይም በኩፍኝ ታሞ መስማት ያቆማል።

በብዙ ቤት እንዲህ ያለው ልጅ ጥግ ይዞ ይቀራል። ይበላል፤ ከብት ይጠብቃል፤ የሚያጫውተው ግን የለም። «ድዳ ነው፤ ምን ያውቃል?» ይባላል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። አእምሮው ሙሉ ነው። የጎደለው ቋንቋ ነው። ቋንቋ ደግሞ በልጅነት ካልተያዘ ኋላ ይከብዳል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ሲጠሩት ዞር የማይል ሕፃን ካለ ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ፊት ለፊት ሆናችሁ በእጅ አናግሩት። ውሃውን፣ እንጀራውን፣ በሬውን እያሳያችሁ ለእያንዳንዱ ምልክት አውጡለት። ቤተሰቡ ሁሉ ይልመደው። ለትምህርት ሲደርስ መስማት የተሳናቸው ልጆች የት እንደሚማሩ ጠይቁ። እዚያ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን ይማራል። ፊደላችንም በጣት ይጻፋል። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት 7ቱ ድምፆች በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ።

ልጁ የተማረውን ምልክት እናንተም ከእሱ ተማሩ። በጎልማሳነቱ ሀሁ የቆጠረ ሰው ይህ አያቅተውም።