ሞተር ሳይክልዎን በግቢዎ ሲጠግኑ፦ ክሪኩ ያነሳል፣ የሚሸከመው ግን ሌላ ነው

ላሊበላ ውስጥ ሜዳ የሆነ ግቢ ያለው ሰው እድለኛ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በአሸተን ተራራ ግርጌ፣ በተዳፋት ላይ የተደረደረች ናት፤ የአንዱ ቤት ግቢ ከጎረቤቱ ጣሪያ እኩል የሚሆንበት ቦታ አለ። ሞተር ሳይክል ያለው አባወራ ሰንሰለት ሊያጠብቅ ወይም ጎማ ሊፈታ ሲነሳ፣ መፍቻ ከመፈለጉ በፊት የሚገጥመው ጥያቄ ሞተሩ ምን ላይ ይቁም የሚል ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ድንጋይ ነው፤ አንዳንዴ ብሎኬት፣ አንዳንዴም “ና እስቲ ያዝልኝ” የተባለ የ12 ዓመት ልጅ። የዛሬው ጽሑፋችን ልጁ ከዚህ ሥራ የሚገላገልበትን መንገድ ይመለከታል።

ላስታ ውስጥ ሞተር የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ወደ ገሸናም ሆነ ወደ ቢልባላ በሚወስዱት መንገዶች ግራና ቀኝ ባሉ ቀበሌዎች የሚመላለሱ የግብርናና የጤና ባለሙያዎች፣ መምህራንና ነጋዴዎች ያለ እሱ ሥራቸው አይገፋም። መንገዱ ደግሞ አቀበትና ቁልቁለት፣ አቧራና ጠጠር ነው። ሰንሰለት ይረግባል፣ የፍሬን ሸራ ያልቃል፣ ካላማዳሪ ይቀደዳል። ለዚህ ሁሉ በየጊዜው ጋራዥ መሄድ ስለማይቻል ጥገናው እቤት ይሠራል። እሁድና በዓል ብረት ስለማይመታም ሥራው ወደ አርብ ማምሻ፣ ወደ ቅዳሜ ገበያ ዋዜማ ይገፋል፤ ማለትም ብርሃን ወደሚያንስበትና ችኮላ ወደሚበዛበት ሰዓት።

ግራ እንዳንጋባ፣ እዚህ ላይ “ሞተር” ስንል እንደ አገሩ ሰው ሙሉውን ሞተር ሳይክል ማለታችን ነው፤ ነዳጅ የሚያቃጥለውን ክፍል “ኢንጅን” እንለዋለን።

በቅድሚያ አንድ ነገር ቢጣራ ገንዘብ ያድናል፦ ማንሻ በእርግጥ ያስፈልግዎታል? ዘይት ለመቀየር ሞተሩ በደልዳላ ቦታ ቀጥ ብሎ መቆሙ ይበቃል። እንደ ቦክሰር ያሉት ብዙዎቹ የሥራ ሞተሮች የመሃል መቆሚያ ይዘው ነው የሚመጡት፤ በእሱ ሲቆሙ የኋላ ጎማቸው ከመሬት ይነሳል። ሰንሰለት ለማጥበቅ፣ የኋላ ፍሬን ለማየት፣ የኋላ ጎማ ለመፍታት ሌላ ማንሻ አያስፈልግም። መቆሚያው ላይ የሚወጡትም በወገብ ጉልበት ሳይሆን በእግር ነው፦ ግራ እጅ መሪው ላይ፣ ቀኝ እጅ ከወንበሩ ጀርባ ያለው ብረት ላይ ይሁን፤ ሁለቱም የመቆሚያው እግሮች መሬት መንካታቸው ከታወቀ በኋላ የሰውነት ክብደት በሙሉ በመርገጫው ላይ ይጣላል። ሞተሩ ራሱ ወደ ኋላ ይወጣል። ማንሻ የግድ የሚሆነው የመሃል መቆሚያ ለሌላቸው፣ ለመስክ ሥራ ተብለው ከፍ ተደርገው ለተሠሩት ሞተሮችና የፊት ጎማ ለሚፈታ ሰው ነው።

ማንሻ ለመግዛት ከወሰኑ፣ ሻጩ መጀመሪያ የሚነግርዎ ቁጥር ብዙም አይጠቅምዎትም። “ሁለት ቶን ያነሳል” የሚባለው የመኪና ክሪክ እያንዳንዳቸው 125 ኪሎ የሚመዝኑ 16 ሞተሮችን የማንሳት ጉልበት አለው፤ አንዱን ሞተር ግን ሊጥል ይችላል። የመኪና ክሪክ አናቱ ጠባብ ነው። መኪና በሌሎቹ ሦስት ጎማዎቹ ተደግፎ ስለሚቆም ጠባብ አናት ይበቃዋል፤ ሞተር ግን ወደ ግራም ወደ ቀኝም የሚደግፈው ነገር የለውም። ስለዚህ የሚገዛው ዕቃ አናቱ ሰፊና ጎማ የለበሰ፣ እግሩም ወደ ጎን የተዘረጋ መሆን አለበት። ለሞተር ተብሎ የሚሠራው መቀስ መሰል ማንሻ እንዲህ ያለ ነው። የኋላ ጎማን ብቻ ቀና የሚያደርገው ባለ ዘንግ መቆሚያም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሜዳ ይፈልጋል፤ ተዳፋት ላይ አይሆንም።

በዘይት የሚሠራ ነው ወይስ በብሎን የሚሽከረከር የሚለው ምርጫ የበለጠ ማሰብ ይገባዋል። የዘይቱ ክሪክ የሚሠራው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ባስረዳው ሕግ ነው፦ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ሲጨመቅ ግፊቱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል፤ በጠባቡ በኩል የተጫነ ትንሽ ጉልበት በሰፊው በኩል ትልቅ ሸክም ያነሳል። ፈጣንና ቀላል ነው። ሸክሙን ከፍ አድርጎ የሚያቆየው ግን በውስጡ ያለች ማኅተም ጎማ ናት። ጎማዋ ስታረጅ፣ ወይም አቧራ ገብቶ ሲፍቃት፣ ክሪኩ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ቀስ አይልም። በብሎን የሚወጣው ጥርሱ እስካልተበላ ድረስ ካልተሽከረከረ አይወርድም። ዘገምተኛ ነው፣ ክንድ ያደክማል። ለእኛ ደጋ ግቢ ግን እሱን እንመርጣለን። የዘይቱን የሚገዛ ሰው ከፍ ካለ በኋላ በብረት ጥርስ የሚቆለፍ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ሱቁ ውስጥ እንዳለም ሸክም አስይዞ፣ ቁመቱን በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ ሻይ ጠጥቶ ይመለስ። ከምልክቱ ዝቅ ብሎ ካገኘው አይግዛ።

ያም ሆኖ የትኛውም ዓይነት ቢሆን ክሪክ የማንሻ እንጂ የማቆያ ዕቃ አይደለም። ሞተሩ ከፍ እንዳለ ከሥሩ የማይንቀሳቀስ መቆሚያ ገብቶ ክብደቱ እዚያ ላይ ማረፍ አለበት። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ብረት የሚበይድ ባለሙያ በአንድ ቀን ሊሠራው ይችላል። የሚነገረው ነገር ትንሽ ነው፦ ከታች ያለው ስፋቱ ከከፍታው ይብለጥ፤ እግሮቹ በአግዳሚ ብረት ይያያዙ፤ ጫፋቸው መሬት እንዳይወጋ ጠፍጣፋ ብረት ይበየድበት። ሲረከቡ ሁለት ኩንታል እህል ጭነውበት ያሳድሩት። ሞተርዎ ከአንድ ኩንታል ብዙም አይበልጥም፤ ሁለቱን ችሎ ያደረ፣ ብየዳውም ያልተሰነጠቀ መቆሚያ ይታመናል።

ድንጋይና ብሎኬትስ? የላሊበላ ሰው የአካባቢውን ድንጋይ ጠባይ ለማወቅ አስተማሪ አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ወጥ ዓለት ሊፈለፈሉ የቻሉት ድንጋዩ ለመሮ የሚመች፣ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ስለሆነ ነው። ለመሮ የሚመች ድንጋይ ታዲያ በአንዲት ጠባብ ብረት ላይ ያረፈ ክብደት ሲጫነው ከጠርዙ ይፈረፈራል። ብሎኬት ደግሞ የባሰ ነው፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ምንም ምልክት ሳይሰጥ በአንድ ጊዜ ይደረመሳል። ሁለቱም የጎማ ታኮ ይሁኑ፤ ከዚያ በላይ አይታመኑ።

መሬቱም ራሱ ሸክሙን መቻል አለበት። በሐምሌና በነሐሴ የራሰ ግቢ ላይ የመሃል መቆሚያ እንኳ እየሰመጠ ሞተሩን ያጋድለዋል። ኮብልስቶን የተነጠፈበት ደጃፍም ቢሆን ወጣ ገባ ነው። ክንድ ያህል ርዝመትና ስፋት ያለው ወፍራም ሳንቃ ሥር ቢነጠፍ ይበቃል። የባሕር ዛፍ ጣውላ ከሆነ በርዝመቱ መሰንጠቅ ይወዳል፤ ሁለት ድርብ አድርጎ አንዱን በሌላው ላይ አግድም መምታት ነው።

ከማንሳት በፊት አንድ ጊዜ በደረት ተኝቶ የሞተሩን ሆድ ማየት ይጠቅማል። በአንዳንዱ ሞተር የሻንሲው ቧንቧ ከኢንጅኑ ሥር አልፎ ያቅፈዋል፤ ክሪኩ የሚያርፈው እዚያ ነው። በብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች ግን ኢንጅኑ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። ከሥሩ የሚታየው የዘይት መክፈቻ ብሎንና ወደ ማርሚታ የሚሄደው ቱቦ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ሸክም አይወዱም። የኢንጅኑ ቤት አሉሚኒየም ስለሆነ ጫፉ ላይ ሲገፋ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ የኢንጅን ቤት ለመተካት ደግሞ ወልድያ ወይም ደሴ ድረስ መላክ ሊመጣ ይችላል፤ ወልድያ ብቻዋን ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ናት። እንዲህ ያለውን ሞተር ከሻንሲው ጎን፣ እግር መርገጫው ከታሰረበት ወፍራም ብረት ላይ ማንሳት ይሻላል።

ተዳፋት ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር ማርሽ ነው። ሞተሩን አንደኛ ማርሽ ውስጥ ከትቶ “አይንቀሳቀስም” ማለት የሚሠራው የኋላ ጎማው መሬት እስከነካ ድረስ ብቻ ነው። የኋላው ከተነሳ ማርሹ የሚይዘው ነገር የለም፤ ሞተሩ በፊት ጎማው ተንከባሎ ከማንሻው ይወርዳል። ስለዚህ የፊት ፍሬኑ እጀታ በካላማዳሪ ቁራጭ ከመሪው ጋር ጠብቆ ይታሰር፣ የፊት ጎማውም ከፊትና ከኋላ ታኮ ይደረግበት። የፊት ጎማ የሚፈታ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ጠብቆ ሲታሰር ሞተሩ ወደ ኋላ ተደግፎ ይቀመጣል፣ የፊቱ ይነሳል። ከፊት በኩልም መቆሚያው ይገባል። ከዚያ በኋላ ልጅ ይዞ የሚያቆመው ነገር አይኖርም።

ባጃጅ ያላቸው ቤተሰቦች ጉዳይ ለየት ይላል። ባጃጅ ባዶውን ከ250 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሥሩን ለማየት ሁለት ሦስት ሰው ሆኖ በጎኑ ማጋደም የተለመደ ነው። ያረጁ ጎማዎች ላይ ይጋደማል እንጂ ባዶ መሬት ላይ አይደለም፤ ከመጋደሙም በፊት ባትሪው ይወጣል፣ ነዳጁ ይዘጋል። በግቢያችን ትልቁ አደጋ የሚመጣው እዚህ ላይ ይመስለናል። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ እንደ ውሃ መሬት ለመሬት ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። በተዳፋት ግቢ ዝቅተኛው ቦታ ማድ ቤቱ ከሆነ፣ ከላይ በኩል የፈሰሰ ቤንዚን ታች ቡና ከሚፈላበት ከሰል ጋር ይገናኛል። በመካከላቸው አሥር እርምጃ መኖሩ ዋስትና አይደለም። ጥገና ባለበት ሰዓት ቡናው ከላይ በኩል ይፍላ፣ ወይም ይቆይ። በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ ቤንዚንም ውሃ ስለሚመስል ልጅ ከሚደርስበት ይራቅ።

የተነሳ ጎማ ልጆችን ይስባል፤ ማሽከርከር ደስ ይላል። ሰንሰለቱ ከጥርሱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የገባ ጣት ግን፣ ጎማው በእጅ ብቻ ቢዞር እንኳ፣ ይጨፈለቃል። አዋቂዎቹም ቢሆኑ ኢንጅን አስነስተው፣ ማርሽ ውስጥ ከትተው፣ በሚሮጠው ሰንሰለት ላይ ጨርቅ የሚይዙ አሉ። ሥራው ይፈጥናል፤ ጨርቁ ሲያዝ ግን ጣቱን ይዞ ይገባል፣ ለመልቀቅም ጊዜ አይሰጥም። ሰንሰለት የሚጸዳው ኢንጅኑ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ከኪስ ገብቶ፣ ጎማው በአንድ እጅ ስንዝር ስንዝር እየተገፋ፣ ጨርቁም ከጥርሱ ርቆ በታችኛው የሰንሰለት መስመር ላይ ተይዞ ነው።

ሲጨርሱ መጀመሪያ የጎን መቆሚያው ይዘርጋ፣ ከዚያ ሞተሩ ቀስ ብሎ ይውረድ፤ በችኮላ ያወረዱት ሰዎች ሞተሩ በየት በኩል እንደሚጋደል የሚያስታውሱት ከወደቀ በኋላ ነው። የጎማው ዋና ብሎን በደንብ መጥበቁን ይዩ። የፍሬን ገመድ ወይም ዘንግ ተፈትቶ ከነበረ መመለሱን ያረጋግጡ። ፍሬኑን ከመነሳትዎ በፊት እዚያው ግቢ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ይሞክሩት፤ ከበሩ ሲወጡ ቁልቁለቱ ወዲያው ይጀምራል።