የአያት እርሻ በእጅ መዳፍ ላይ፦ የእርሻ ጌምና የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ማሳዎች

አዲስ አበባን በደቡብ ምዕራብ፣ በምዕራብና በሰሜን አቅጣጫ የሚያዋስኑት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለረዥም ጊዜ ሲታወቁ የኖሩት በዙሪያቸው ባለው የእህል ማሳ፣ በግጦሽ ሜዳና በወተት ላም ነው። ባለፉት 20 ዓመታት ግን ከዚሁ መሬት ሰፊ ክፍል ወደ መኖሪያ መንደር፣ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ አበባ ልማትና ወደ መንገድ ተለውጧል። በእነዚህ ከተሞች የሚያድግ ልጅ አያቱ በሬ ጠምደው ሲያርሱ ባያይም፣ በስልክ መስታወት ላይ ማሳ ሊቆፍር፣ ዘር ሊዘራና ላም ሊያልብ የሚችልበት ጊዜ ላይ ተደርሷል። ይህን ያስቻለው በጃፓን ተጀምሮ በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው የእርሻና የኑሮ የቪዲዮ ጌም ነው።

የዚህ ዓይነቱ ጌም ፋና ወጊ «ቦኩጆ ሞኖጋታሪ» በሚል የጃፓንኛ ስያሜ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነሐሴ ወር 1996 ለገበያ የቀረበው ሥራ ነው። ስያሜው ወደ አማርኛ ሲመለስ «የከብት እርባታ ታሪክ» እንደማለት ሲሆን፣ ከጃፓን ውጭ «ሃርቨስት ሙን» በሚል ስም ታውቋል። ፈጣሪው ሚስተር ያሱሂሮ ዋዳ በገጠር አድገው ወደ ቶኪዮ የመጡ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ጌሞች በውጊያ ላይ በተመሠረቱበት በዚያን ወቅት ያለ ውጊያ የሚጫወቱት ጌም ለማዘጋጀት መነሳታቸው ይታወቃል። ሥራቸው ብዙም ሳይቆይ «ጌም ቦይ» ለተሰኘው በእጅ ለሚያዝ የጌም መሣሪያ ተዘጋጀ። በ2003 ደግሞ «ፍሬንድስ ኦፍ ሚነራል ታውን» የተሰኘው ክፍል ለ«ጌም ቦይ አድቫንስ» ቀርቦ ከፍተኛ ተወዳጅነትን አተረፈ። በኪስ የሚያዝ መሣሪያ ለእንዲህ ያለው ጌም የተመቸበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በጌሙ ውስጥ አንድ ቀን የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃዎችን በመሆኑ ተጫዋቹ ታክሲ እስኪመጣ አንድ ቀን አርሶ መሣሪያውን ወደ ኪሱ መመለስ ይችላል።

ከዚያ ወዲህ ተከታታይ ክፍሎቹ ብዙ ሲሆኑ፣ ከ2015 ጀምሮ ዋናው የጃፓን ሥራ በእንግሊዝኛ «ስቶሪ ኦፍ ሲዝንስ» በሚል አዲስ ስም ይሸጣል። በ2016 አሜሪካዊው ሚስተር ኤሪክ ባሮን ለአራት ዓመታት ያህል ብቻቸውን ሠርተው ያወጡት «ስተርዲው ቫሊ» የተሰኘ ጌም ደግሞ የዚሁ ዘር ነው። በ2017 ኒንቴንዶ ስዊች ለተባለው መሣሪያ፣ በ2019 ለአንድሮይድ ስልኮች የደረሰው ይህ ጌም እስከ 2024 ድረስ ከ30 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። በከተሞቻችን በእጅ የሚያዘው የጌም መሣሪያ ብርቅ በመሆኑ፣ የእርሻ ጌም በሰበታም ሆነ በሱሉልታ ወጣቱ እጅ የሚገባበት ቀላሉ መንገድ ስልክ ነው።

ታሪኩ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ከተማ ውስጥ የኖረ ወጣት የአያቱን፣ አለዚያም እንደ አያት የሚቆጥራቸውን የአንድ ሽማግሌ ገበሬ እርሻ ይወርሳል። ማሳውን አረም ውጦታል፤ ድንጋይና ጉቶ ሞልቶበታል። ወጣቱ በእጁ ያለው ዶማ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ መዶሻና የውኃ ማጠጫ ብቻ ነው። መንጥሮና ቆፍሮ ይዘራል፤ ምርቱን ሸጦ ዶሮና ላም ይገዛል፤ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ይወዳጃል፤ ሲደላደል ቤቱን ያሰፋል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። በሥራ ብዛት ጉልበቱ ካለቀ ይወድቃል። ከዚህ ውጭ በጌሙ ውስጥ አሸናፊና ተሸናፊ የሚባል ነገር የለም ለማለት ይቻላል።

የጌሙ ዋነኛ ሕግ ጊዜ ነው። በ«ፍሬንድስ ኦፍ ሚነራል ታውን» ዓመቱ አራት ወቅቶች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ ወቅት 30 ቀናት አሉት። ለውጭ አገር ሰው ወራት ሁሉ እኩል 30 ቀን መሆናቸው እንግዳ ሊመስለው ይችል ይሆናል፤ ለኢትዮጵያዊ ግን የጎደለችው ጳጉሜን ብቻ ናት። ቀኑ የሚጀምረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ድንችና ጎመን በፀደይ፣ ቲማቲምና በቆሎ በበጋ ይዘራሉ፤ ወቅቱ በተለወጠ ማግስት ያልተሰበሰበው ሰብል ይደርቃል። በመሆኑም አንድ ሳምንት ገደማ የሚፈልግ ሰብል በወቅቱ በ25ኛው ቀን የሚዘራ ተጫዋች የዘር ገንዘቡን ጣለ ማለት ነው። ዘር የሚዘራበት ጊዜ ካለፈ በገንዘብም በጉልበትም እንደማይመለስ ማንኛውም አርሶ አደር ያውቀዋል፤ ጌሙም በዚህ ረገድ ሐቀኛ ነው።

በውኃ ረገድ ግን የጌሙ እርሻና የአካባቢያችን እርሻ ይለያያሉ። የጌሙ ገበሬ ዝናብ ካልጣለ በስተቀር እያንዳንዷን መደብ በየቀኑ ማጠጣት ግዴታው ነው። ከሰበታ ወደ ደቡብ ምዕራብ በተንጣለለው የበቾ ሜዳ ያለው ችግር ተቃራኒው ነው። የሜዳው ጥቁር አፈር፣ በተለምዶ ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው፣ በክረምት ውኃ ይቋጥራል፣ ያበጣል፣ በሬ ያሰምጣል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የበቾ አርሶ አደር ጤፉን የሚዘራው ክረምቱ ከገፋ በኋላ ሲሆን፣ ሽምብራና ጓያ ደግሞ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ተዘርተው አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ይበቅላሉ። ከ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የግብርና ተመራማሪዎች በበሬ የሚጎተት የመደብና የቦይ ማውጫ መሣሪያ አዘጋጅተው ያስተዋወቁት ይህንኑ ውኃ ለማጠንፈፍ ነበር። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ውኃን ከማሳ የማስወጣት ሥራ በእርሻ ውስጥ መኖሩን ያሰቡት አይመስልም።

የላሟ ነገር ደግሞ ወደ ሱሉልታ ይወስደናል። በጌሙ ላም በየቀኑ ካልተመገበች፣ ካልተቦረሸችና ካልተነጋገሯት የወተቷ መጠን አይጨምርም፤ ስታዝን ወይም ስትታመም ጭራሹን አትታለብም። በክረምት ሣር ስለማይበቅል ባለቤቷ ቀደም ብሎ አጭዶ ማከማቸት ይኖርበታል። የሱሉልታ ሜዳ ነዋሪም ይህን ሥራ በሚገባ ያውቀዋል። ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋው ይህ ሜዳ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሣሩ ይታጨዳል፣ ይታሰራል፣ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ላም አርቢዎች ይጓዛል። ልዩነቱ በጌሙ ሣር የሚያልቅበት ወቅት በረዶ የሚወርድበት ሲሆን፣ እዚህ ግን ረዥሙ በጋ መሆኑ ነው። በጌሙ ላም ለማስረገዝ አንድ ብልቃጥ መድኃኒት መግዛት ይበቃል፤ በ21 ቀናት ውስጥም ትወልዳለች። እዚህ ላሟ ኮርማ ስትፈልግ አዳቃይ ባለሙያው በሰዓቱ መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ሦስት ሳምንት መጠበቅ፣ ከተሳካም ዘጠኝ ወር መታገሥ ግድ ይላል።

ገበያውን በሚመለከት ጌሙ እጅግ ደግ ነው። ተጫዋቹ ምርቱን በራፉ ላይ ባለ ሣጥን ውስጥ ይጨምራል፤ ማታ ሰብሳቢው መጥቶ በተቆረጠለት ዋጋ ይከፍለዋል። ደላላ የለም፤ ምርት ሲበዛ ዋጋ አይወድቅም፤ የመኪና ኪራይም አይጠየቅም። ከሁሉ በላይ ጾም የለም። በሱሉልታና በሰበታ ዙሪያ ወተት የሚያመርት ሰው 55ቱ የዓብይ ጾም ቀናት፣ እንዲሁም ረቡዕና ዓርብ ምን እንደሆኑ በሚገባ ያውቃል። ላሟ ጾም መግባቱን አታውቅም፤ ወተቱ ግን ፈላጊው ይቀንሳል። እናቶች እርጎ አድርገው፣ ንጠው፣ ቅቤውን ለፋሲካ ያቆያሉ። ሰበታ ውስጥ እንደሚገኘው የ«ማማ» ወተት አምራች ያሉ ማቀነባበሪያዎች መኖራቸው የወተቱን ዕድሜ ቢያራዝምም፣ የጾሙን ወራት ከቀን መቁጠሪያ አያወጣውም። እንዲህ ያለ ሕግ ቢጨመርበት ጌሙ ከባድ ይሆን ነበር፤ ይበልጥ ትኩረት ሳቢም ይሆን ነበር።

የጌሙ ገበሬ የሚያርሰው ብቻውን ነው። ወዳጅነት የሚባለው ስጦታ መስጠትና በበዓል መገኘት ሲሆን፣ ማሳው ላይ የሚረዱት ትናንሽ ምናባዊ ፍጡራን ናቸው። በእኛ አገር አንድ በሬ ያለው አርሶ አደር አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ካልተቀናጀ ማሳው ጦሙን ያድራል፤ ይህም መቀናጆ ይባላል። አጨዳና ውቂያ ሲደርስም ደቦ ይጠራል፤ ጠላና ምግብ ይቀርባል፤ ተራው ሲደርስ ብድር ይመለሳል። ጎረቤት ቤቱን ለቆ ሲሄድ የሚታጣው ሰላምታው ብቻ አይደለም፤ ግማሽ ጥማድ በሬ አብሮ ይሄዳል። የማሳ መሬት ቁራጭ በቁራጭ ወደ ከተማ በሚገባባቸው ቀበሌዎች መሬታቸው ያልተነካ ገበሬዎች ጭምር የሚቸገሩት በዚህ የተነሳ ነው።

እዚህ ላይ ጌሙ እንደ ተራ ነገር አልፎት ወደሚሄደው ጉዳይ እንደርሳለን፤ ይኸውም መሬት ነው። በጌሙ እርሻው ወራሹን እየጠበቀ ለዓመታት ጦሙን ያድራል፤ ማንም አይነካውም። በኢትዮጵያ የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31/1967 የሕዝብ ሀብት የተደረገ ሲሆን፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑንና አርሶ አደሩ በነፃ የማግኘትና ያለመነቀል መብት እንዳለው ደንግጓል። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ ካሳ ይከፈላል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት በቋሚነት ለተነሳና ምትክ መሬት ላላገኘ አርሶ አደር የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሳ ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ አደረገው። የ10 ዓመት ገቢ ማለት ካሳው በተከፈለበት ዓመት የተወለደ ልጅ አራተኛ ክፍል ሲደርስ የሚያልቅ ነው፤ የ15 ዓመቱም ከዘጠነኛ ክፍል እምብዛም አያሻግረውም። የልጅ ልጅ በስሌቱ ውስጥ የለም።

ጉዳዩ የዋዛ አለመሆኑን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ያሳያል። በ2006 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን የብዙ ሰዎች ሕይወት የጠፋበት ተቃውሞ አስከትሎ በጥር ወር 2008 ዓ.ም. ተሰርዟል። ከመስከረም 2009 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮ ጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ከሰበታ ይነሳል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ከተሞቹ ማደጋቸው ቤትና ሥራ ለብዙዎች ማስገኘቱ አይካድም፤ የመሬቱ ጥያቄ ግን በዚህ አልተዘጋም።

የሚገርመው፣ ከ«ሃርቨስት ሙን» ተከታታይ ክፍሎች አንዱ ይህንኑ ጉዳይ አንስቶታል። በ2001 ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው «ሴቭ ዘ ሆምላንድ» የተሰኘው ክፍል መንደሩና እርሻው ፈርሰው የመዝናኛ ሥፍራ ሊሠራባቸው መወሰኑን በመንገር ይጀምራል። ተጫዋቹ መንደሩን ለማዳን የሚሰጠው አንድ ዓመት ብቻ ነው። መንገዱም የመንደሩን ሰዎች ቀርቦ ማወቅ፣ ሥፍራው ያለውን ዋጋ ለውጭው ሰው ማሳየት ነው። ብርቅዬ እንስሳ ወይም ልዩ ምርት መገኘቱ ውሳኔውን ያስቀለብሳል። ካሳ፣ ቀበሌና ፍርድ ቤት በጨዋታው ውስጥ የሉም።

ከዚህ ሌላ የቋንቋው ነገር አለ። እነዚህ ጌሞች በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ አልቀረቡም። በመሆኑም የቡራዩ ልጅ የዶማንና የማጭድን ስም በእንግሊዝኛ ሲለምድ፣ አያቱ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ የሚጠሯቸውን የእርሻ ዕቃዎች፣ ሞፈርን፣ ቀንበርን፣ እርፍንና ድግርን፣ ለይቶ ላያውቅ ይችላል። በአገር ውስጥ ጌም መሥራት የማይቻል ሆኖ አይደለም። «ቅኔ ጌምስ» የተሰኘው የአዲስ አበባ ድርጅት የሠራው «ኩኩሉ» ከገበሬ እጅ የምታመልጥን ዶሮ ታሪክ ለስልክ አቅርቧል። ከዶሮዋ ይልቅ የገበሬውን ኑሮ መነሻ የሚያደርግ ሰው ቢነሳ ሕጎቹን ከሩቅ መፈለግ አያሻውም። ተጫዋቹ በሬ ከጎረቤት ያቀናጃል፣ በሐምሌ ውኃ ያጠነፍፋል፣ በጥቅምት ሣር ያጭዳል፣ ለፋሲካ ቅቤ ያስቀምጣል፤ ሽምብራውን ደግሞ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ይዘራል።